«ቴክ» ሁሌ «ወሰደ» አይደለም

ፋሲል ግቢ በር ላይ ነው። አንድ ወጣት አስጎብኚ ሁለት እንግዶችን ግቢውን አዙሮ ጨርሷል። ከመለያየታቸው በፊት ከግንቡ ጋር አንድ ፎቶ እንዲኖረው ፈለገ። ስልኩን ለአንደኛዋ ሰጣትና «ፕሊስ፣ ቴክ ሚ» አላት። ሴትዮዋ ስልኩን እንደያዘች ዝም ብላ አየችው። ወዴት እንደምትወስደው አልገባትም። እሱ «ፎቶ አንሺኝ» ማለቱ ነው። እሷ የሰማችው ግን «ውሰጂኝ» የሚል ነው።

ይህን የነገረኝ ልጁ ራሱ ነው። እኔ ማታ ማታ ለሰፈራችን ወጣቶች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። እሱም ከሚመጡት አንዱ ነው። ሲነግረኝ አፍሮ ነበር። የሚያሳፍር ነገር ግን የለውም። እንዲያውም ስህተቱ የመጣው አማርኛውን አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው። አማርኛ «ፎቶ አንሳኝ» ይላል። «እኔን» የምትለዋ «ኝ» ግሱ ላይ ተለጥፋለች። ልጁ ያቺን «ኝ» ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረና «ቴክ» ላይ «ሚ»ን ለጠፈ። እንግሊዝኛው ግን እዚያ ቦታ ላይ የሚፈልገው ሰውየውን ሳይሆን ፎቶውን ነው። «ቴክ ኤ ፎቶ ኦፍ ሚ» ይባላል። ወይም «ቴክ ማይ ፒክቸር»። ፎቶው ከግሱ አጠገብ ካልተቀመጠ «ቴክ» ወደ ሌላ ትርጉሙ ይሄዳል።

«ቴክ» እንግሊዝኛ ውስጥ በየደቂቃው ከሚነገሩ ግሶች አንዱ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ገና በልጅነታችን ደብተራችን ላይ «ቴክ = ወሰደ» ብለን ጽፈን ገጹን ዘግተነዋል። ያ መስመር ውሸት አይደለም። ጎደሎ ነው። ዕድሜ ልክ የሚያደናቅፈንም ጎደሎነቱ ነው።

መጀመሪያ «ያዘ»ን እንይ

እንግሊዝኛውን ለጊዜው እንተወው። የራሳችንን «ያዘ» እንውሰድ። ልጁ እጄን ያዘኝ። ይህ ግልጽ ነው፤ እጅ እጅን ጨበጠ። ግን ብርድ ያዘኝም እንላለን። ብርድ እጅ የለውም። እንቅልፍ ያዘኝ። ጉንፋን ያዘኝ። ሥራ ያዘኝ። ባጃጅ ያዝ። ወረፋ ያዝልኝ። ቀጠሮ ያዝን። ቂም ያዘ። ግጥሙን በቃሉ ያዘ። አዳራሹ ሁለት መቶ ሰው ይይዛል። ጾም ተያዘ። ጦሩ ከተማውን ያዘ። ፖሊስ ሌባውን ያዘ።

አማርኛ ሊማር የመጣ ሰው «ያዘ ማለት በእጅ መጨበጥ ነው» ተብሎ ቢሸኝ ምን ይውጠዋል? «ሥራ ያዘኝ» ሲባል ምን ይገባዋል? እኛ ግን አንድም ቀን ግራ ተጋብተን አናውቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው። «ያዘ»ን ብቻውን ሰምተነው አናውቅም። ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጋር ነው የምንሰማው። ብርድ ሲቀድመው አንድ ነገር ነው፤ ወረፋ ሲቀድመው ሌላ ነገር ነው። እናቶቻችን ትርጉሙን አልዘረዘሩልንም። ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ አፋችን ላይ አስቀመጡልን።

«ቴክ»ም ልክ እንደዚያ ነው። ከሥሩ አንድ ምስል አለው፤ እጅን ዘርግቶ አንድን ነገር ወደ ራስ ማድረግ። ያ ምስል አንዳንድ ቦታ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዳንድ ቦታ ላይ ይደበዝዛል። አንዳንድ ቦታ ላይ ጨርሶ ይጠፋል። የትኛው ቦታ ላይ እንደቆመ የሚነግረን አጠገቡ ያለው ቃል ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣ ግስ

ስለዚህ ግስ አንድ ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። «ቴክ» ከመጀመሪያው የእንግሊዞች ቃል አልነበረም።

የጥንት እንግሊዞች ለመውሰድ «ኒማን» የሚል የራሳቸው ግስ ነበራቸው። ዛሬ ጀርመኖች «ኔመን» የሚሉት የእሱ ወንድም ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ቫይኪንጎች ከስካንዲኔቪያ በመርከብ እየመጡ እንግሊዝን ማጥቃት ጀመሩ። በ793 ሊንዲስፋርን የተባለውን የደሴት ገዳም መዝረፋቸው እስከ ዛሬ ይነገራል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እየቆየ ግን ዘራፊው ሰፋሪ ሆነ። መሬት አረሱ፤ ተጋቡ፤ ጎረቤት ሆኑ። ከ1016 እስከ 1035 ክኑት የተባለ የዴንማርክ ሰው እንግሊዝ ላይ ነግሧል። እነዚህ ሰዎች በቋንቋቸው «ታካ» ይሉ ነበር። መንካት፣ መጨበጥ፣ መውሰድ ማለት ነው። ቃሉ በ1100 አካባቢ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ብቅ አለ። ከዚያ በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ «ኒማን»ን ከገዛ ቤቱ አስወጣው።

ተማሪዎቼ «ለምን ቴክድ አይባልም?» ብለው ይጠይቁኛል። «ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን» እያለ የሚለዋወጠው መልኩም አብሮት በመርከብ የመጣ ነው። በድሮው የስካንዲኔቪያ ቋንቋ «ታካ፣ ቶክ፣ ቴኪን» ነበር። ይህን ካወቁ በኋላ ሦስቱን መልኮች ማስታወስ የቀለላቸው ልጆች አሉ።

«ኒማን» ግን ጨርሶ አልሞተም። ጣት ወይም እግር ሲደነዝዝ እንግሊዞች «ነም» ይላሉ። ይህ ቃል የ«ኒማን» ልጅ ነው። ድሮ «የተያዘ» ማለት ነበር። ሰውነቱን አንድ ነገር ይዞታል፣ ወስዶታል ማለት ነው። እኛም በጥር ሌሊት ከጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ስናድር ብርድ «ያዘን» እንላለን። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ላይ ደርሰዋል።

ጎንደርም ቃል የተወላት ወራሪ ነበራት። ጣልያን ከ1936 እስከ 1941 እዚህ ቆይቷል። ፒያሳ የሚለው ስም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ካልሲ የምንላቸውም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። እነዚህ ግን የዕቃ ስሞች ናቸው። ዕቃ ሲመጣ ስሙን ይዞ ይመጣል። ለ«ወሰደ» የሚሆን ግስ ግን ከጣልያን አልተዋስንም። የዕለት ተዕለት ግስ መዋስ ከዕቃ ስም መዋስ በጣም ይርቃል። ሁለት ሕዝብ በአንድ ጓዳ ውስጥ ለብዙ ትውልድ ሲኖር የሚመጣ ነገር ነው። እንግሊዞች «እነሱ» የምትለዋን ቃል እንኳ ያገኙት ከእነዚያ ከመርከብ ከወረዱት ጎረቤቶቻቸው ነው።

«ቁጭ በል» ውስጥ ማን ምን አለ?

አሁን ተማሪዎቼ በጣም የሚቸገሩበት ቦታ ላይ ደረስን። «ቴክ ኤ ሉክ»። «ቴክ ኤ ሲፕ»። «ቴክ ኤ ናፕ»። «ቴክ ኤ ዎክ»። «ቴክ ኤ ብሬክ»። «ቴክ ኤ ሲት»። ቃል በቃል እንተርጉም ካልን «ዕይታ ውሰድ፣ ጉንጭ ውሰድ፣ መቀመጫ ውሰድ» ሊሆን ነው። የመጨረሻው እንዲያውም አደጋ አለው። ወንበሩን አንስቶ የሚሄድ ሰው ሊገኝ ይችላል።

አማርኛ ግን ለእነዚህ ሁሉ የራሱ መልስ አለው። ያውም ድንቅ መልስ ነው። አየት አድርግ። ፉት በል። ጋደም በል። ዞር ዞር በል። አረፍ በል። ቁጭ በል።

«ቁጭ በል» የሚለውን በደንብ እንየው። «በል» እዚህ ምን ይሠራል? ማንም ምንም አልተናገረም። «አለ» የሚለው ግስ ዋና ሥራው ንግግርን መጥቀስ ነው። «እመጣለሁ አለ» ስንል ንግግር አለ። «ቁጭ አለ» ስንል ግን ንግግሩ ጠፍቶ የግሱ ቅርፊት ብቻ ቀርቷል። ቅርፊቱ የሚነግረን ማን እንዳደረገውና መቼ እንዳደረገው ነው። ቁጭ አልኩ። ቁጭ አለች። ቁጭ እንላለን። ትርጉሙን የተሸከመችው ግን «ቁጭ» ናት። «አለ» እሷን ተሸክሞ የሚዞር አህያ ነው።

«ቴክ ኤ ሲት» ውስጥ ያለው «ቴክ» ሥራው ይኸው ነው። ምንም ነገር አይወሰድም። «ሲት» ትርጉሙን ይዟል፤ «ቴክ» ማንነትና ጊዜን ይሸከማል። የሥነ ልሳን ሰዎች እንዲህ ያለውን ግስ ቀላል ግስ ይሉታል። ቀላል የሚሉት ስለማይከብድ አይደለም። የራሱን ትርጉም አራግፎ ለጎረቤቱ ሸክም ስለተዘጋጀ ነው። እኛ ዛሬም በዚህ መንገድ አዳዲስ ግስ እየሠራን ነው። ስልኬን ቻርጅ አደረግኩ። ብሎክ አደረገችኝ። መኪናውን ፓርክ አደረገው። የመጣው ቃል ከየትም ይሁን፣ «አደረገ» ተሸክሞ አማርኛ ያደርገዋል።

ይህን ነገር ለልጆቹ ካስረዳሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ይመጣል። «ሲት ዳውን» እያለ ለምን «ቴክ ኤ ሲት»? «ረስት» እያለ ለምን «ቴክ ኤ ረስት»? መልሱ አሁንም አማርኛ ውስጥ አለ። «አረፉ» እና «አረፍ አሉ» አንድ ናቸው? አይደሉም። «አባባ አረፉ» ሲባል ልባችን ይደነግጣል፤ ነጠላ ልንፈልግ እንነሳለን። «አባባ አረፍ አሉ» ሲባል የሚታየን ወንበር ነው። «አለ» ሲገባ ነገሩ አጭር፣ ቀለል ያለ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ይሆናል። እንግሊዝኛውም ቅርብ ነው። «አይ ዎክድ ቱ ፒያሳ» ያለ ሰው ፒያሳ ጉዳይ ነበረው፤ በእግሩ ሄደ። «አይ ቱክ ኤ ዎክ» ያለ ሰው ግን ጉዳይ የለውም። ራሱን ሊያናፍስ ዞር ዞር ብሎ ተመልሷል። «ሲት ዳውን»ም ለእንግዳ ትንሽ ትዕዛዝ ትመስላለች። «ቴክ ኤ ሲት» ለስለስ ትላለች። «ተቀመጥ» እና «አረፍ በል» መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ታዲያ ይህን ያወቀ ሰው ሁሉንም ስም ከ«ቴክ» ጋር ማጋባት ያምረዋል። አይሆንም። ስህተት «ቴክ» አይደረግም፤ «ሜክ ኤ ሚስቴክ» ነው። የቤት ሥራ «ዱ» ነው። ውሳኔ ላይ አሜሪካኖች «ሜክ» ይላሉ፤ እንግሊዞች ደግሞ «ቴክ»ም ይላሉ። ሻወር ላይ አሜሪካኑ «ቴክ»፣ እንግሊዙ «ሃቭ» ይቀናዋል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ሕግ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ፎቶ ለምን «ይነሳል»? ክርስትናስ ለምን «ይነሳል»? እኛም መልስ የለንም፤ ግን ተሳስተን አናውቅም። እንዳለ መልመድ ብቻ ነው። ፎቶ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለሌላ ምክንያትም ነው። ጀርመኖችና ጣልያኖች በየቋንቋቸው ፎቶ «ሠራ» ነው የሚሉት። ስለዚህ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ሲናገሩ «ሜክ ኤ ፎቶ» ይላቸዋል። ከእንግዳ አፍ የተማሩ የጎንደር ልጆችም ይህንኑ ይዘው ቀርተዋል። ከእንግዳ መስማት ጥሩ ነው። ግን እንግዳ ሁሉ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ አቋሜን ልናገር። «ሻወር ወሰድኩ»፣ «ኮርስ ወሰድኩ»፣ «እርምጃ ተወሰደ» የሚሉት አነጋገሮች የ«ቴክ»ን ጠረን የያዙ ናቸው። የሚያንገሸግሻቸው ሰዎች አሉ። እኔ «እርምጃ ወሰደ»ን አማርኛ ሆኗል ብዬ ተቀብዬዋለሁ፤ ማንም አይደናገርበትም። «ሻወር ወሰድኩ» ግን «ታጠብኩ» እያለ ለምን? አጭሩና ጥሩው ቃል አጠገባችን ነው።

ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጎንደር የመጣ እንግዳ ሳይጠይቅ የማያድረው ጥያቄ «ሃው ሎንግ ዳዝ ኢት ቴክ?» ነው። እስከ ደባርቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሰሜን ተራሮችን ለማየት የሚሄድ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ማወቅ ይፈልጋል። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መልሱ «ኢት ቴክስ አባውት ቱ አወርስ» ነው።

እዚህ አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ «አወርስ» ላይ ነው። በአማርኛ «ሁለት ሰዓት ይፈጃል» እንላለን፤ «ሁለት ሰዓት ላይ እንነሳለን»ም እንላለን። ቃሉ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለያይቷቸዋል። የጊዜ ርዝመት «አወርስ» ነው። የሰዓት ምልክት «ኦክሎክ» ነው። «ኢት ቴክስ ቱ ኦክሎክ» የሚል አስጎብኚ አጋጥሞኛል፤ እንግዳው መነሻ ሰዓት ነው ብሎ ሊይዘው ይችላል። በዚያ ላይ የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት በእነሱ ሰዓት ስምንት ነው። ሦስቱ ነገሮች ሲደባለቁ እንግዳው መኪናው ያመልጠዋል። ስለዚህ ርዝመቱን ከመነሻ ሰዓቱ ለይቶ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ይሻላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ነው። «ከአዘዞ ለመምጣት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ» ለማለት ብዙ ሰው «አይ ቱክ ቱ አወርስ» ይላል። እኔ ሁለት ሰዓት ወሰድኩ እንደማለት ነው። የተለመደው አነጋገር «ኢት ቱክ ሚ ቱ አወርስ» ነው። ይህች «ኢት» ተማሪን ታስጨንቃለች። «ማናት እሷ?» ይሉኛል። እኔ ግን «ፈጀብኝ» የሚለውን ሰሌዳው ላይ እጽፍላቸዋለሁ። የፈጀው ማን ነው? እኔ አይደለሁም። ጉዳዩ ነው፣ መንገዱ ነው። እኔ የት አለሁ? ጫፉ ላይ፣ «ብኝ» ውስጥ። ፈጀ – ብኝ። ቱክ – ሚ። አማርኛውና እንግሊዝኛው እዚህ ላይ አጥንታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ጊዜን የሚበላው ሰውየው ሳይሆን ነገሩ ነው ይላሉ፤ ሰውየው የሚደርስበት ብቻ ነው። ይህን ያየ ተማሪ «ኢት»ን ዳግመኛ አይፈራትም። ሰውየውን ባለቤት ማድረግ ከተፈለገ ደግሞ «ስፔንድ» አለ። «አይ ስፔንት ቱ አወርስ» ሲሉ ጊዜውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

«ቴክ ዩር ታይም» ደግሞ ሌላ ነው። ጊዜህን ውሰድ ተብሎ ይተረጎማል፤ ልቡ ግን «አትቸኩል፣ ቀስ ብለህ» ነው። ደረጃ ለሚወጡ አዛውንት እንግዳ ይህን ማለት ጨዋነት ነው።

መድኃኒቱ ሳጥን ላይ

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት የመድኃኒት ሳጥን ይዘው መጡ። ላዩ ላይ «ቴክ ዊዝ ፉድ» ይላል። ልጃቸው «ከምግብ ጋር ውሰጂ ይላል» ብሏቸዋል። እሳቸው የጠየቁኝ «ወጡ ውስጥ ልጨምረው ነው እንዴ?» ብለው ነው። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። «ከምግብ ጋር ውሰጂ» የሚለው አማርኛ ይህን ሁሉ ያሳስባል።

መድኃኒት ላይ «ቴክ» ሲመጣ ወደ ሰውነት ማስገባት ማለት ነው። እኛ ኪኒን እንውጣለን፣ ሽሮፕ እንጠጣለን። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ቴክ» ይላል። «ቴክ ዊዝ ፉድ» ማለት ሆድ ባዶ ሳይሆን፣ ምግብ እየተበላ ወይም እንደተበላ ይዋጥ ማለት ነው። «ቴክ ኦን አን ኤምፕቲ ስተመክ» ተቃራኒው ነው፤ በባዶ ሆድ። «ትዋይስ ኤ ዴይ» በቀን ሁለት ጊዜ ነው እንጂ ሁለት ፍሬ በአንዴ አይደለም። የቀረውን፣ ስንት ሰዓት ልዩነት ይኑረው የሚለውን፣ ፋርማሲው ቆመው ይጠይቁ። ይህ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤና ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ሳጥኑን አንብቦ በሚገባ አማርኛ ቢነግር እወዳለሁ።

ፈተና ላይ ነገሩ አጭር ነው። ተማሪው «ቴክ» ያደርጋል፤ መምህሩ «ጊቭ» ያደርጋል። ተማሪው ፈተና «ጊቭ» ሲያደርግ ከሰማችሁ ከሕንድ እንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ እዚያ የተለመደ አነጋገር ነው። አገራችን ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ስለነበሯት ወደኛም ገብቷል። ደግሞም ፈተና «ቴክ» ማድረግ ማለፍ ማለት አይደለም። ማለፍ «ፓስ» ነው።

ገበያ ላይ «ቴክ» መቀበል ይሆናል። «ዱ ዩ ቴክ ዶላርስ?» ያለ እንግዳ ዶላር ትቀበላላችሁ ወይ ነው ያለው። ሻይ ቤት ውስጥ «ዱ ዩ ቴክ ሹገር?» ማለት ስኳር ትጠቀማለህ ወይ ነው። ዋጋ ተከራክሮ «አይል ቴክ ኢት» ካለ ደግሞ ሽያጩ አለቀ። እኛም እኮ «በዚህ ውሰደው» እንላለን። መቀመጫ ላይ «ኢዝ ዚስ ሲት ቴክን?» ሲባል «ተይዟል?» ነው። ያ «ያዘ» እዚህም መጣ።

ጭራ ሲቀጠልበት

ከ«ቴክ» ኋላ «ኦፍ፣ ኢን፣ አፕ፣ ኦቨር» የሚሉ ትንንሽ ቃላት ሲመጡ ትርጉሙ እንደገና ይለወጣል። ሁሉን አልዘረዝርም። ጎንደር ላይ የሚያስፈልጉትን ብቻ ላንሳ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ለማየት የማይመጣ እንግዳ የለም። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል። «ፕሊስ ቴክ ኦፍ ዩር ሹስ» ነው የሚባለው። «ኦፍ»ን የረሳ ሰው «ጫማህን ውሰድ» ብሎት ያርፋል፤ እንግዳው ጫማውን ብብቱ ሥር አድርጎ ይገባል። ያው «ቴክ ኦፍ» አዘዞ አየር ማረፊያ ላይ የአውሮፕላን መነሳት ነው። የሚለዩት በዕቃው ነው። ጫማውን የሚያወልቀው ሰው አለ። አውሮፕላኑ ግን ራሱ ነው የሚነሳው፤ ስለዚህ ከኋላው ምንም አይከተልም።

ልብስ ሰፊ ጋ «ቴክ ኢን» ማጥበብ ነው፤ «ቴክ አፕ» ማሳጠር። ሰው ላይ ግን «ሂ ዎዝ ቴክን ኢን» ከተባለ ተታሏል። ልጅ እናቷን ስትመስል «ሺ ቴክስ አፍተር ኸር ማዘር» ይባላል፤ ቁርጥ እናቷን። «አይ ካንት ቴክ ኢት» ደግሞ ከዕቃ ጋር አይገናኝም፤ አልቻልኩትም፣ በቃኝ ነው።

ለአስጎብኚዎች ግን «ቴክ ኦቨር» ላይ ትንሽ ልቆይ። አፄ ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለቀው ልጃቸው ፋሲለደስ ነገሡ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1636፣ ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። ይህን ሲናገሩ «ፋሲለደስ ቱክ ኦቨር» ማለት ይቻላል፤ ተረከቡ ማለት ነው። ቃሉ ግን በጉልበት መንጠቅም ይሆናል። ማን እንደለቀቀና ማን እንደተረከበ ካልተነገረ እንግዳው ልጅ በአባቱ ላይ መፈንቅለ መንግሥት አደረገ ብሎ ሊሄድ ይችላል። «ፍሮም ሂዝ ፋዘር» የምትለዋን መጨመር፣ አባትየው መልቀቃቸውንም መናገር ነገሩን ያጠራዋል። ከተማ ላይ ሲሆን ደግሞ «ቴክ» የእኛው «ያዘ» ነው። ጣልያን በ1936 ጎንደርን «ቱክ» አደረገ። በኅዳር 1941 የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ኃይሎች ጎንደርን መልሰው ያዙ፤ እዚያ ላይ «ቱክ ባክ» ነው። አርበኞቻችን የተዋጉበትን ታሪክ በአንዲት «ባክ» ጉድለት አናበላሸው።

ደብተር ላይ እንዴት ይጻፍ? እኔ ተማሪዎቼን «ቴክ = ወሰደ» የሚለውን መስመር አሰርዛቸዋለሁ። በምትኩ ሙሉውን ሐረግ ይጽፋሉ። ጎኑ ላይ ትርጉም ሳይሆን እናታቸው የምትለውን አማርኛ ያስቀምጣሉ። «ቴክ ኤ ሲፕ» ጎን «ፉት በል»። «ኢት ቱክ ሚ» ጎን «ፈጀብኝ»። «ቴክን» ጎን «ተይዟል»። በሳምንት አምስት ሐረግ ይበቃል። ያ አስጎብኚ ልጅ የመጀመሪያው መስመሩ ላይ የጻፈው «ቴክ ኤ ፎቶ ኦፍ ሚ»ን ነው። ከጎኑ «አንሺኝ» ብሏል።

አንድ ቀረኝ። እንግዳ ሲሸኝ «ቴክ ኬር» ይባላል፤ ራስህን ጠብቅ፣ ደህና ሁን ነው። «ቴክ ኬር ኦፍ» ሲሆን ግን ከኋላው ሰው ይመጣል። «ቴክ ኬር ኦፍ ማይ ሰን» ያለች እናት «ልጄን አደራ» ማለቷ ነው። ሰሜን ተራሮች ለመውጣት የሚነሳ ልጇን ለአስጎብኚው ስታስረክብ አንዲት የውጭ ሴት ይህን ስትል ሰምቻለሁ። አስጎብኚው «ኖ ፕሮብሌም» አላት። «አይ ዊል ቴክ ኬር ኦፍ ሂም» ቢላት ኖሮ አደራዋን እንደተቀበለ በራሷ ቃል ትሰማ ነበር።